መጥኖ መደቆስ፦ ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው፣ ስለ ቪዛ ምርጫና ስለ ሥራ ልምድ የተደረገ ንግግር

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ? ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ዕቁብ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ልጆች ይዛችሁ የመጣችሁም አትሳቀቁ፣ ይጫወቱ፤ የምንነጋገረው ስለ እነሱም ነው።

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። እጅ አታውጡ፣ ለራሳችሁ መልሱ። "እንሂድ" ብላችሁ ከተማከራችሁ ጥንዶች መካከል፣ ማመልከቻው በማን ስም ይሞላ የሚለውን ቁጭ ብላችሁ አስልታችሁ የወሰናችሁ ስንት ናችሁ? ምንም ሳይሰላስ "እኔ እሞላለሁ፣ አንቺና ልጆቹ በእኔ ትገባላችሁ" ተብሎ ያለቀ ስንት ቤት አለ? ሳቃችሁ መልሱን ነገረኝ።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ነገር ይኸው ነው። የቤቱ አባወራ ማን ነው የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ዋና አመልካች ማን ይሁን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በሩ ላይ ይቀራል። እናቶቻችን "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይሉ የለ? እኛም ድስቱን ሳንጥድ እንመጥን።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። መጀመሪያ በሮቹ ከቤተሰብ አንፃር እንዴት እንደሚለያዩ፣ ቀጥሎ የሥራ ልምድ እንዴት እንደሚመዘን፣ መጨረሻ ላይ ስለ ልጆችና ስለ ገንዘብ። ሁለተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና። ዓመተ ምሕረት ስጠራ እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ የእኛን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

አንደኛ፣ በሮቹ።

ቪዛ ስትመርጡ "የቱ ይቀላል?" ብላችሁ አትጀምሩ። ሦስት ነገር ጠይቁ። ባለቤቴና ልጆቼ ከእኔ ጋር አንድ ቀን ይገባሉ ወይ? ባለቤቴ እንደገባች ሥራ መያዝ ትችላለች ወይ? መጨረሻው ቋሚ መኖሪያ ነው ወይስ ተመልሶ መምጣት? ለላጤ ጥሩ የሆነ ቪዛ ለባለትዳር ወጥመድ ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝን እንይ። ብዙ ሰው "በአዛውንት እንክብካቤ ሥራ እገባለሁ፣ ከዚያ ቤተሰቤን አስመጣለሁ" ይል ነበር። ከመጋቢት 11 ቀን 2024 ጀምሮ በዚያ ሥራ አዲስ የሚገባ ሰው ትዳር ጓደኛም ልጅም ማስከተል አይችልም። ከሐምሌ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ አገር ለዚህ ሥራ አዲስ ሰው መቅጠር ራሱ ተዘግቷል። ዛሬም "የኬር ቪዛ አለኝ፣ ክፈሉ" የሚል ደላላ ከመጣባችሁ፣ ይህን ቀን ንገሩትና መልሱን ስሙ። የማስተርስ ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ከጥር 1 ቀን 2024 ወዲህ በክፍል ትምህርት ለሚሰጥ ማስተርስ የሚሄድ ተማሪ ቤተሰብ ይዞ አይገባም። የሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛው ቤተሰብ ይፈቅዳል፤ ግን አጠቃላይ የደመወዝ ወለሉ በዓመት 41,700 ፓውንድ ደርሷል። በዚያ ላይ የጤና መዋጮ አለ፤ ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035፣ ለአንድ ልጅ 776 ፓውንድ። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ለሦስት ዓመት 10,866 ፓውንድ ይመጣል፤ እሱም ቪዛው ሲጠየቅ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ነው። በጤና ሙያ ቪዛ የሚሄዱት ከዚህ መዋጮ ነፃ ናቸው።

ጀርመን ሁለት ዓይነት በር አላት፤ ሰው ግን አንድ ያደርጋቸዋል። ከሰኔ 2024 የተጀመረው ቻንስንካርተ ሥራ ለመፈለጊያ ነው፤ በእሱ ቤተሰብ ማስከተል አይቻልም። ሰማያዊ ካርድ የሚባለው ግን ለቤተሰብ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለ ነው። ትዳር ጓደኛ ጀርመንኛ ሳትፈተን ትገባለች፣ እንደገባችም ማንኛውንም ሥራ መሥራት ትችላለች። ካርዱን የያዘው ሰው መሠረታዊ ጀርመንኛ ይዞ በ27 ወር፣ ቢ1 የሚባለውን መካከለኛ ደረጃ ካደረሰ በ21 ወር ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል። ዕዳው ምንድን ነው? አስቀድሞ የሥራ ውል ያስፈልጋል፤ ደመወዙ በ2026 ቢያንስ በዓመት 50,700 ዩሮ፣ እጥረት ባለባቸው ሙያዎች 45,934 ዩሮ ግድም መሆን አለበት። ዩኒቨርሲቲያችሁም አናቢን በሚባለው የጀርመኖች መዝገብ ላይ እውቅና ያለው ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን ዛሬ ማታ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደመወዝ ይከፍላሉ፣ ልምድም ያስገኛሉ፤ ተራው የሥራ ቪዛ ግን የቱንም ያህል ቢታደስ ወደ ቋሚ መኖሪያ አያደርስም። እዚያ ያላችሁ ወንድምና እህቶች ጊዜውን ለሚቀጥለው በር መሰናጃ አድርጉት። ዲቪን ዛሬ አላነሳም፤ ዕጣ አይመዘንም።

የቀረው ዛሬ በዝርዝር የምንመዝነው የካናዳው ኤክስፕረስ ኢንትሪ ነው። የመረጥኩት ቀላል ስለሆነ አይደለም፤ አይቀልም። ከውጭ ሆኖ፣ ቀጣሪ ሳይኖር፣ በትምህርት፣ በቋንቋ፣ በዕድሜና በሥራ ልምድ ነጥብ መላው ቤተሰብ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ የሚገባበት መንገድ ስለሆነ ነው። የባልም የሚስትም ነጥብ በቁጥር ሊነጻጸር የሚችለውም እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የሥራ ልምድ።

ሁለት ሚዛን አለ፤ እባካችሁ አታደባልቁ። የመጀመሪያው ሚዛን በሩ ላይ ያለ ዘበኛ ነው፤ ከ100 ቢያንስ 67 ካላመጣችሁ አያስገባም። ሁለተኛው ሲአርኤስ የሚባለው ነው፤ ከ1,200 ይቆጠራል። እሱ ወረፋውን ያወጣል፤ ከላይ ያለው ይጠራል፣ ከታች ያለው ይጠብቃል።

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ለምሳሌ ያህል ያበጀሁት ነው፤ እከሌ ብላችሁ አትፈልጉ። ባል 39 ዓመቱ ነው፣ ሲቪል መሐንዲስ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 12 ዓመት ልምድ፣ አይኢኤልቲኤስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአራቱም ክፍል 6። ሚስት 32 ዓመቷ ነው፣ ነርስ፣ በኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ ሠርታለች፣ 7 ዓመት ልምድ፣ አይኢኤልቲኤስ በማዳመጥ 8፣ በቀሩት 7። ደመወዙ የሚበልጠው የእሱ ነው፤ ልምዱም የእሱ ነው የሚረዝመው። ማን ይሙላ?

ልማድ "እሱ" ይላል። እስቲ በዘበኛው ሚዛን እንመዝነው። ቋንቋ 16፣ ትምህርት 21፣ ልምድ 15፣ ዕድሜ 8፤ ድምሩ 60። ሚስቱ ቋንቋ ስለምታውቅ 5 ይጨመርለታል፤ 65። ያስፈልግ የነበረው 67! የ12 ዓመት መሐንዲስ፣ ድልድይ የሠራ ሰው፣ በሩን አያልፍም።

እሷስ? ቋንቋ 24፣ ትምህርት 23፣ ልምድ 15፣ ዕድሜ 12፤ 74። የባሏ ቋንቋ 5 ሲጨመር 79። ገባች።

አሁን ወደ ወረፋው እንሂድ። እሱ በሩን አልፎ ቢሆን ኖሮ እንኳ ስንት ያመጣ ነበር? ለዕድሜ 50፣ ለዲግሪ 112፣ ለቋንቋ 64፤ 226። ከሚስቱ ትምህርትና ቋንቋ 30፣ ልምድና ትምህርት ከቋንቋ ጋር ተጣምረው የሚሰጡት 38። ድምር 294። እሷ ስትሞላ ለዕድሜ 85፣ ለማስተርስ 126፣ ለቋንቋ 116፤ 327። ከባሏ 20፣ ከጥምሩ ሙሉው 100። ድምር 447።

ልዩነቱ 153 ነጥብ ነው። ቤተሰቡ ያው፣ ልጆቹ እነዚያው፣ ዲግሪዎቹ እነዚያው። የተቀየረው ፎርሙ አናት ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። እሱ ምን ቀረበት? ምንም። ቋሚ መኖሪያውን በዚያው ቀን ያገኛል፣ የፈለገውን ሥራ ይሠራል። እና ወንድሞቼ፣ "በሚስቱ ገባ" ማለት ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ።

የመጀመሪያው፣ በሲአርኤስ የውጭ አገር የሥራ ልምድ ከሦስት ዓመት በላይ አይቆጠርም። ሦስት ዓመትና አሥራ ሁለት ዓመት እኩል ናቸው! ዘበኛው ሚዛን እንኳ ስድስት ዓመት ላይ ያቆማል። ዕድሜ ግን አያቆምም። ትዳር ላለው አመልካች ከ30 እስከ 40 በየዓመቱ 5 ነጥብ ይወርዳል፤ ከ40 ወደ 41 ሲገባ 10፤ 45 ላይ ዜሮ ነው። ስለዚህ "ትንሽ ልምድ ላካብትና" ብሎ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ የሚጠብቅ ሰው የሚያካብተው ነገር የለም፤ በየልደቱ ይቀነስበታል እንጂ።

ሁለተኛው፣ በሲአርኤስ የውጭ አገር ልምድ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ነጥብ የሚያስገኘው ከቋንቋ ጋር ሲጣመር ነው። የሦስት ዓመት ልምድ ካናዳዎች ሰባተኛ ብለው በሚጠሩት የቋንቋ ደረጃ 25 ነጥብ ነው፤ በዘጠነኛው ደረጃ 50። ዘጠነኛ ማለት ማዳመጥ 8፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር 7፣ 7፣ 7 ነው። እዚህ አገር ብዙዎች የሚቸገሩት መጻፉ ላይ ነው፤ ስድስት ተኩል ላይ ይቆማሉ። በአንዱ ክፍል ግማሽ ነጥብ ማነስ ጥምሩን ሁሉ ያወርደዋል። ሌላ ማስተርስ ከመጀመር ይልቅ ሦስት ወር መጻፍን ብቻ መለማመድ ብዙ ጊዜ ያዋጣል።

447 ይበቃል ወይ? ብቻውን አይበቃም። በ2025 ለጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ሙያዎች በተደረጉት ጥሪዎች የመጨረሻው ነጥብ ዝቅ ሲል 462፣ ከፍ ሲል 510 ነበር። የእኛ ነርስ ጎረቤት ናት ማለት ነው። ካናዳ የሚኖር ወንድም ወይም እህት ካላቸው፣ የእሷም ይሁን የባሏ፣ 15 ይጨመራል። ባል እንግሊዝኛውን ወደ ዘጠነኛ ቢያደርስ 8 ይጨምራል። ትልቁ ግን ፈረንሳይኛ ነው። በአራቱም ክፍል ሰባተኛ ደረጃ ብታደርስ 50፣ እንደ ሁለተኛ ቋንቋ 12፤ 62 ነጥብ። 509 ሆነች። በዚያ ላይ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች የሚደረገው ጥሪ ለብቻው ነው፤ በመጋቢት 2025 እስከ 379 ወርዶ ነበር። ፒያሳ አሊያንስ የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ገብቶ ከዜሮ መጀመር ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በዕድሜ 5 ወይም 10 ይጎድልና በቋንቋ 62 ይገባል። ይህ የሚያዋጣ ንግድ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ቁጥሩ ሁሉ የቆመው በአንድ ወረቀት ላይ ነው፤ እሱም የሥራ ልምድ ደብዳቤ።

የእኛን አገር የሥራ ልምድ ታውቁታላችሁ። አንድ አንቀጽ ነው። "አቶ እከሌ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ የሥራ መደብ በወር ብር ይህን ያህል እየተከፈላቸው ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ተገቢው የሥራ ግብር ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ሆኗል።" ማኅተም። አለቀ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በእኛ አቆጣጠር የ2011ዱ ቁጥር 1156፣ አሠሪውን የሚያስገድደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን እንዲጽፍ ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ "የሚጠበቅብኝን ሰጥቻለሁ" ቢላችሁ ትክክል ነው። ካናዳ ግን ሌላ ነገር ትፈልጋለች።

ምን ትፈልጋለች? የድርጅቱ አድራሻና ስልክ ያለበት ሌተርሄድ ወረቀት። የፈራሚው ስም፣ ኃላፊነትና ፊርማ። የያዛችኋቸው የሥራ መደቦች በሙሉ፣ እያንዳንዱ ከቀን እስከ ቀን። በሳምንት ስንት ሰዓት። የዓመት ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሥራ ዝርዝር፤ በየዕለቱ ምን ትሠሩ ነበር? ይህ የሌለበት ደብዳቤ የሃያ ዓመት ልምድ ቢሆን እንኳ ዜሮ ሊሆን ይችላል። የሚያየው መኮንን እናንተን አያውቅም፤ ወረቀቱን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ለምን ዝርዝር? ካናዳ እያንዳንዱን ሙያ አምስት አሃዝ ባለው ቁጥር መድባዋለች። ነርስ 31301 ናት፣ ሲቪል መሐንዲስ 21300። የሙያ ደረጃው ቲር ይባላል፣ ከ0 እስከ 5 ይሄዳል፤ የሚቆጠረው ከ0 እስከ 3 ያለው ነው። መኮንኑ ቁጥሩ ሥር የተጻፈውን ተግባር ከደብዳቤያችሁ ጋር ያስተያያል። የእኛ መጠሪያዎች ደግሞ ምንም አይናገሩም። "ከፍተኛ ባለሙያ"፣ "ኤክስፐርት"፣ "ኦፊሰር"፣ "ባለሙያ 4"! የምን ኦፊሰር? አካውንታንት ናችሁ ወይስ ገንዘብ ያዥ? የመጀመሪያው ቲር 1 ነው፣ ገንዘብ ያዥ ግን ከሚቆጠሩት ውስጥ የለም። ሁለቱንም እዚህ አገር "የፋይናንስ ኦፊሰር" የሚል ድርጅት አይጠፋም።

ስለዚህ የምትሠሩትን ስድስት ወይም ስምንት ነጥብ አድርጋችሁ ራሳችሁ አርቅቁና ለኃላፊያችሁ ውሰዱ፤ አርሞ ይፈርም። የካናዳን ዝርዝር ቃል በቃል አትገልብጡ። መኮንኑ ያንን ገጽ በቃሉ ያውቀዋል፤ የእናንተ ደብዳቤ የእሱ ቅጂ ከሆነ ይጠራጠራል። "በየቀኑ እስከ ይህን ያህል ታካሚ ባለበት ክፍል መድኃኒት እሰጣለሁ፣ የተረኞችን ሰሌዳ አወጣለሁ" የሚል የራሳችሁ ሥራ ይበልጣል።

ድርጅቱ እምቢ ካለስ? ተዘግቶ ከሆነስ? ተራውን የሥራ ልምድ ያዙ። በእሱ ላይ የቅጥር ውሉን፣ የሥራ መደብ መግለጫውን፣ የደመወዝ ስሊፖችን፣ ደመወዙ የገባበትን የባንክ ስቴትመንት፣ የጡረታ መዋጮ መዝገባችሁን ጨምሩ። የቀድሞ አለቃችሁ የሥራ ዝርዝሩን መስክሮ ይጻፍ። ከዚያ ዋናው ደብዳቤ ለምን እንዳልተገኘ በአንድ ገጽ አስረዱ። ያለ ማብራሪያ የተከመረ ወረቀት ግን አይነበብም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለግብር የሚቀርበው ደመወዝ ሌላ፣ በእጅ የሚሰጠው ሌላ የሆነበት ቤት አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ደብዳቤው 30,000 ብር ይላል፣ ጡረታ የተቆረጠለት ግን በ9,000 ብር ነው። ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ ካቀረባችሁ ራሳችሁ ላይ መሰከራችሁ። ማስተካከያው ዛሬ ነው፤ ጥሪ ከደረሰ በኋላ ያለችው 60 ቀን ለዚህ አትበቃም።

የልምዱ ርዝመት ላይም ሰው ይሰናከላል። ለበሩ የሚያስፈልገው ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ፣ በአንድ ሙያ፣ ያልተቋረጠ አንድ ዓመት ነው፤ በሳምንት 30 ሰዓት፣ በድምሩ 1,560 ሰዓት። በሳምንት 60 ሰዓት ሠርቶ በስድስት ወር መጨረስ የለም። በፕሮጀክት የምትቀጠሩ ተጠንቀቁ፤ ስምንት ወር ተሠርቶ፣ ሁለት ወር ተቋርጦ፣ እንደገና ዘጠኝ ወር ቢሠራ አሥራ ሰባት ወር እንጂ ያልተቋረጠ ዓመት አይደለም። እናቶች፣ የወሊድን ያህል ረጅም ፈቃድ እንደ ሥራ ጊዜ አትቁጠሩት፤ ዓመታችሁን ከእሱ ውጪ አሟሉ። የራሳችሁን ድርጅት የምትሠሩም ልምዳችሁ ይቆጠራል፤ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስና ከደንበኛ የተጻፈ ማስረጃ ያስፈልጋል። ራሳችሁ ለራሳችሁ የጻፋችሁት ደብዳቤ ግን ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ቀንም ልንገራችሁ፤ አሥራ ሦስት ወር ያለን ሕዝብ ነን። "መስከረም 1 ቀን 2010" የሚለውን አንዳንዱ ተርጓሚ ስምንት ደምሮ 2018 ያደርገዋል። ስህተት ነው፤ መስከረም 11 ቀን 2017 ነው። ከመስከረም ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪለወጥ የሚደመረው ሰባት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። በዚህ ስህተት አንድ ዓመት ልምድ ይጠፋል፤ ወይም ገና ተማሪ በነበራችሁበት ዓመት ሠርታችኋል ይሆናል፣ ያ ደግሞ ውሸት ይመስላል። ትርጉሙን ስትቀበሉ ቀኖቹን በጣታችሁ እየቆጠራችሁ አረጋግጡ። ስማችሁም በሁሉም ወረቀት ላይ የፓስፖርቱን ፊደል ይከተል።

ዲግሪውም ይመዘናል። የካናዳ አቻ ግምት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ አምስት ዓመት ያገለግላል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንዲልከው የሚጠይቁ ገማቾች አሉ። እኛ ጋ ደግሞ ኮስት ሼሪንግ አለ፤ ሳይከፈል ዋናው ዲግሪም ትራንስክሪፕትም አይወጣም። ገና ስታስቡት ክፈሉ። የሁለታችሁንም አስገምቱ፤ የትዳር ጓደኛ ትምህርት እስከ 10 ነጥብ አለው፣ ብዙ ሰው ግን ወጪ ለመቀነስ ብሎ ይተወዋል።

አንድ ነገር ሳልል ወደ ሦስተኛው አልሄድም። ልምዱ ለቪዛ ተቆጠረ ማለት ለሙያ ፈቃድ ተቆጠረ ማለት አይደለም። ነርሷ ካናዳ ገብታ ነርስ ለመባል ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች ፈተና መፈተን፣ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማውጣት አለባት። መሐንዲሱም እንዲሁ ነው፤ የኦንታሪዮ መሐንዲሶች ፈቃድ ሰጪ አካል በ2023 "የካናዳ ልምድ" የሚለውን መስፈርት አንስቷልና ይሻለዋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በጀት ስታወጡ ሁለታችሁም በሙያችሁ እንደማትሠሩ አድርጋችሁ አስሉ።

ሦስተኛ፣ ልጆችና ገንዘብ። ይህን በፍጥነት እናገራለሁ፣ እናንተ ግን በፍጥነት አትስሙት።

ልጅ አትደብቁ። ደግሜ እላለሁ፣ ልጅ አትደብቁ። ከጋብቻ በፊት የተወለደ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ "ለጊዜው ነገሩን እንዳያወሳስብ" የተባለ ልጅ፣ ማመልከቻው ላይ ካልተጻፈና የጤና ምርመራ ካልተደረገለት በኋላ በቤተሰብነት ሊመጣ የማይችልበት ሕግ አለ። የማይሄድም ቢሆን ይጻፋል። ጥገኛ ልጅ የሚባለው ያላገባና ከ22 ዓመት በታች የሆነ ነው፤ ዕድሜው የሚያዘው ሙሉው ማመልከቻ በደረሰበት ቀን ነው። 21 ዓመት ከስምንት ወር የሆናት ልጅ ያላችሁ፣ የእናንተ ሰዓት ሌላ ነው።

የእህት ልጅ፣ የወንድም ልጅ እንደ ልጅ አሳድገን "ልጄ" እንላለን። የካናዳ ሕግ ግን ልጅ የሚላት የወለዳችኋትን ወይም በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ የወሰዳችኋትን ብቻ ነው። ይህን ቀድሞ ማወቅ ከልጅቷ ጋር የምታደርጉትን ንግግር ይለውጠዋል። በቁርባን ወይም በኒካሕ የተጋባችሁም ጋብቻው በወረዳ ተመዝግቦ ሰርተፍኬት ይኑራችሁ።

ገንዘብ። ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለአራት ሰው ቤተሰብ 28,362፣ ለአምስት 32,168 የካናዳ ዶላር ማሳየት ያስፈልጋል፤ መጠኑ በየዓመቱ ይከለሳል። የማይሄደው ልጅም ይቆጠራል። ቤት አይቆጠርም፣ መኪና አይቆጠርም፣ ብድርም አይሆንም። የባንኩ ደብዳቤ ሒሳቡ የተከፈተበትን ቀን፣ ያለውን ገንዘብ፣ የስድስት ወሩን አማካይና ዕዳችሁን ይናገር። እዚህ ላይ ዕቁብ ይመጣል! ማመልከቻው ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላችሁ ሚሊዮን ብር ብታስገቡ፣ መኮንኑ የሚያየው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ገንዘብ ነው። የዕቁብ ደረሰኝ ማን አለው? ዕጣውን ቀድማችሁ ውሰዱና ስድስት ወር ባንክ ይደር፤ ዳኛው ዘንድ ያለውን መዝገብም አስፈርሙ። በብር የምታስቀምጡ ደግሞ ሐምሌ 2024ን አትርሱ። ብር በገበያ ይወሰን ሲባል 57 የነበረው የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ልክ የሚበቃውን ያስቀመጠ ሰው ዕድሜ ልክ የቆጠበው ግማሽ ሆኖ አደረ።

ስለ ደላላ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። ከመጋቢት 25 ቀን 2025 ጀምሮ የሥራ ቅጥር ደብዳቤ በሲአርኤስ ምንም ነጥብ አይሰጥም፤ "ጆብ ኦፈር ልግዛልህ፣ ነጥብህ ይጨምራል" የሚል ሰው የሚሸጠው አየር ነው። የሐሰት ደብዳቤ የተገኘበት ደግሞ አምስት ዓመት ይታገዳል። ዋና አመልካቹ ታገደ ማለት መላው ቤተሰብ ቀረ ማለት ነው።

የመጨረሻው ከባሕረ ሰላጤ ለተመለሳችሁ ነው። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖራችሁበት አገር ሁሉ የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከዱባይ፣ ከሪያድ፣ ከኩዌት። አገሩን ለቅቆ ከወጡ በኋላ ማውጣት ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ አሻራ በኤምባሲ፣ ውክልና፣ እንደገና ማረጋገጫ። አሁን እዚያ ያለ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉና "ሳትወጣ አውጣው" በሉት፤ "የሥራ ልምድህንም ከነዝርዝሩ አስጽፈህ ያዝ" በሉት። ከወጣ በኋላ ያ ቀጣሪ ስልክ አያነሳም።

እኔ ጨረስኩ። ማይክራፎኑን ከኋላ ጀምሩት፤ ጥንዶች ከሆናችሁ ሁለታችሁም ጠይቁ።